ባዶ ፈረሶች

ጥር ለእኛ ሙያ እንቅልፍ የለውም። ጥምቀት ካለፈ ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሰርግ በሰርግ ነው። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ካሜራማኖቹ ቅዳሜና እሁድ ቀርጸው ሰኞ ጠዋት ሃርድ ዲስኩን ያቀብሉኛል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ፣ መናፈሻው፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። እስካሁን ከ300 በላይ ሰርግ በእጄ አልፏል።

አንድ ጊዜ አንድ ፊልም የሚሠራ ሰው ሥራዬን አየና "ጎበዝ ነህ፤ ግን ይሄ ሥራ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም" አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም። ቃሉ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሥራ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም። ሁለቱ የሚለያዩት የት ላይ ነው? ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ብዙ ሌሊት ይህን አስቤያለሁ። ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ ትዝ የሚለኝ አንድ ሰው ነው። ማይክል ከርቲዝ።

ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም። ከ160 በላይ ፊልሞችን ዳይሬክት አድርጎ ስሙ ከፊልሞቹ ጀርባ የቀረ ሰው ነው። ከሥራዎቹ አንዱን ግን ታውቁታላችሁ፤ ካዛብላንካን። (ዓመተ ምሕረቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በእኛ ስጽፍ እናገራለሁ።)

እኔ ካዛብላንካን ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ በካሴት ነው። አባባ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሁለት ካሴት ይከራያሉ። አንዱ ለእኛ ለልጆቹ፣ አንዱ ለራሳቸው። የእኛ የህንድ ወይም የካራቴ ነው። የእሳቸው ሁልጊዜ ጥቁርና ነጭ። የእሳቸውን ቁጭ ብዬ የማየው እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ብቻ ነበር። ያን ቀን ግን አብሬያቸው ነበርኩ። እናቴ ቡና እየቆላች ነው። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል።

ፊልሙ ውስጥ ሪክ የሚባል፣ ሞሮኮ ውስጥ ባለችው ካዛብላንካ ከተማ ካፌ ያለው አሜሪካዊ አለ። ሃምፍሪ ቦጋርት ነው የሚጫወተው። የከተማው ፖሊስ አዛዥ አንድ ማታ የሪክን የድሮ ታሪክ እያነሳ ይነግረዋል። በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ በድብቅ አስገብተሃል ይለዋል። በ1936 ደግሞ ስፔን ዘምተሃል።

አባባ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ዴኩን ወደ ኋላ መለሱት። ሰሙት። እንደገና መለሱት።

"ሰማህ?" አሉኝ። "ኢትዮጵያ ነው ያለው።"

"ሰማሁ አባባ።"

"ዓመቱንስ ሰማኸው?"

ዓመቱ ያኔ ለእኔ ምንም አልነበረም። ለእሳቸው ግን ሁሉ ነገር ነበር። አያቴ ማይጨው ዘምተዋል። ይዘው የሄዱት ምንሽር ነው፤ ጥይታቸው በጣት የሚቆጠር። ጦርነቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። ክልከላው የጎዳው እኛን ብቻ ነው። አባባ ይህን ከአባታቸው አፍ እየሰሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ካሴቱን አቆሙና ወደ እናቴ ዞረው "ይሄ ሰውዬ ለአባቴ ጥይት ያመጣ ነበር" አሏት። እናቴ ምጣዱን እንደያዘች መጥታ ቆመች። ሦስታችንም የቆመውን ምስል እናያለን። የቦጋርት ፊት ነው። ካሴት ሲቆም እንደሚሆነው መሃሉ ላይ ነጭ መስመር ይንቀጠቀጣል።

ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ከርቲዝ አይደለም። ስክሪፕቱ የጁሊየስና የፊሊፕ ኤፕስታይን፣ እንዲሁም የሃዋርድ ኮች ነው። ኤፕስታይኖቹ መንትዮች ናቸው። በ1942 አንድ ሰው ልቡ ከማን ጋር እንደሆነ ለአሜሪካ ተመልካች ለመንገር "ለኢትዮጵያ መሣሪያ አስገብቷል" ማለት በቂ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይነሳል። ፊልሙ ሲቀረጽ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው የገቡት።

የዳይሬክተሩን ስም የፈለግሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም መቁረጥና መቀጠል እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ ነው።

ከርቲዝ በ1886 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። የልደት ስሙ ማኖ ካሚነር ነው። ወጣት ሳለ ሚሃይ ከርቴስ ተባለ። አሜሪካ ሲገባ ማይክል ከርቲዝ ሆነ። ከቴአትር ነው የተነሳው። በ1912 ሃንጋሪ ውስጥ ፊልም መሥራት ሲጀመር ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር። በዓመቱ ሙያውን ለማጥናት ዴንማርክ ሄደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የኦስትሪያና ሃንጋሪ መድፈኛ ሆኖ ዘመተ፤ ቆሰለ። የአያቴ ምንሽርም ከዚያው አገር የመጣ ጠመንጃ ነው። ማንሊከር የሚለው ስም ነው በእኛ አፍ ምንሽር የሆነው። ይህን ሳነብ ለአባባ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። አልደረስኩባቸውም።

በ1919 አብዮታዊው የሃንጋሪ መንግሥት የፊልም ሥራውን ሲወርስ ከርቲዝ አገሩን ለቀቀ። ቪየና ገባና ሳሻ ፊልም ለሚባል ኩባንያ መሥራት ጀመረ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን፣ ሕዝብ እንደ ጎርፍ የሚተምባቸውን ግዙፍ ፊልሞች ሠራ። አንዱ በ1924 የወጣ፣ እስራኤላውያን ከግብፅ ስለመውጣታቸው የሚተርክ ነው። የዋርነር ብራዘርስ ሰዎች ሥራውን አይተው ቀጠሩት። በ1926 አሜሪካ ሲገባ ዕድሜው 39 ነው። ከኋላው ከ60 በላይ ፊልም አለው። እንግሊዝኛ ግን የለውም።

የቋንቋውን ነገር ብዙ ሰው የሚያወራው ለሳቅ ነው። እኔ ሌላ ነገር ነው የማይበት። በ1936 የፈረሰኛ ጦር ፊልም ሲሠራ፣ ጋላቢ የሌላቸው ፈረሶች ወደ ሜዳው እንዲለቀቁ ፈለገ። በድምፅ ማጉያው "ባዶዎቹን ፈረሶች አምጧቸው!" ብሎ ጮኸ። ተዋናዩ ዴቪድ ኒቭን እዚያ ነበር፤ በሳቅ ፈረሰ። በ1975 ለጻፈው ትዝታ ርዕስ ያደረገውም ይህንኑ አባባል ነው። በእንግሊዝኛ ፈረስ ባዶ አይባልም። በእኛ ግን ይባላል! ፈረሱ ጌታውን ጥሎ ብቻውን ሲመጣ "ፈረሱ ባዶውን መጣ" ነው የምንለው። ከዘመቻ ባዶውን የተመለሰ ፈረስ ደጃፍ ላይ ሲቆም ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አያቴ ይህን ዓረፍተ ነገር ቢሰሙ አይስቁም ነበር። ከርቲዝ የጮኸው ትክክለኛውን ነገር ነው። የጮኸበት ቋንቋ ነው ቦታ ያጣለት።

ሌላም ይወራለታል። ካዛብላንካን ሲቀርጽ መሬቱ ላይ ትንሽ የተጠራቀመ ውኃ ፈለገ አሉ። በእንግሊዝኛ የዚያ ስምና ጸጉሩ የሚጠቀለለው የውሻ ዘር ስም ድምፃቸው ይቀራረባል። ሠራተኛው ወዲያ ወዲህ ብሎ ውሻ ይዞ መጣ። ሰው አገር ሠርቶ የኖረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ሥራ ቦታ ስለደረሰባት ተመሳሳይ ነገር ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከርቲዝ በዚያ አፉ በመቶ የሚጠጋ የአሜሪካ ፊልም ሠርቷል።

ስለ ስቱዲዮ ዘመን ትንሽ ላስረዳ። ስቱዲዮ ማለት ፋብሪካ ማለት ነው። ዋርነር በርባንክ ውስጥ ሰፊ ግቢ ነበረው። ተዋናዩ፣ ጸሐፊው፣ ካሜራማኑ፣ ልብስ ሰፊው፣ አናጢው፣ ሙዚቀኛው ሁሉም ደመወዝተኛ ነው። ተዋንያን እስከ 7 ዓመት የሚደርስ ውል ይፈርማሉ። የተመደቡበትን ፊልም አልሠራም ካሉ ከደመወዝ ይታገዳሉ። ላይ ጃክ ዋርነር ተቀምጧል። ሥራውን በየቀኑ የሚከታተለው ሃል ዎሊስ የሚባል ፕሮዲዩሰር ነው፤ ማስታወሻ በማስታወሻ ላይ ይልካል። ዳይሬክተሩ ስክሪፕት ይሰጠዋል፣ ተዋናይ ይሰጠዋል፣ ቀን ይቆረጥለታል። ሲጨርስ ሌላ ስክሪፕት ይጠብቀዋል። የመጨረሻው ቆረጣ የስቱዲዮው ነው።

በ1933 ብቻ የከርቲዝ ስም ያለባቸው 6 ፊልሞች ወጥተዋል። አንዱ በቀለም የተሠራ፣ ስለ ሰም ሐውልት ቤት የሚተርክ አስፈሪ ታሪክ ነው። ሌላው የግድያ ምርመራ። ሌላው የመኪና ፋብሪካ ስለምትመራ ሴት። በ1938 ደግሞ 5 ወጡለት። ከ5ቱ በሁለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ለምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ታጨ። አላገኘም። ፍራንክ ካፕራ ወሰደው። ከርቲዝ ግን ያኔ ሌላ ፊልም ላይ ነበር።

ይህን ሳነብ ልቤ የሞቀው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። እኔም ሰርግ መርጬ አላውቅም። የመጣው ይመጣል። ሀብታም ሰርግ አለ፣ በእድር ድንኳን የተደገሰ ሰርግ አለ፣ ቤተሰብ ተኳርፎ ሁለት ጎራ የተቀመጠበት ሰርግ አለ። ቀኑ ተቆርጧል። ሁሉም እኩል ሥራ ይፈልጋል።

የባሕር ላይ ወንበዴ ታሪክ ሰጡት፤ በ1935 ካፕቴን ብለድን ሠራ። ኤሮል ፍሊን የሚባል የማይታወቅ አውስትራሊያዊና የ19 ዓመቷ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ በአንድ ጊዜ ኮከብ ሆኑ። ሮቢን ሁድን ሌላ ዳይሬክተር ጀምሮት ሳለ ስቱዲዮው ሥራውን አልወደደለትምና ለከርቲዝ አሳልፎ ሰጠው። ሙዚቃና ዳንስ ሰጡት፤ ጀምስ ካግኒ ኦስካር አገኘ። በ1945 ስለ አንዲት እናትና ስለ ልጇ የሚተርከውን ሚልድረድ ፒርስን ሰጡት። ተዋናይቱን ጆን ክሮፎርድን ሊሰጡት ሲሉ አልፈልጋትም ብሎ ነበር። ኋላ ግን አብረው ሠሩ። የኦስካሩ ማታ ክሮፎርድ አሞኛል ብላ አልጋ ላይ ነበረች። ሽልማቱን መድረክ ላይ ወጥቶ የተቀበለላት ከርቲዝ ነው። ዶሪስ ዴይን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ላይ ያወጣትም እሱ ነው።

ታሪኮቹ አይመሳሰሉም። አንድ ነገር ግን ሁሉም ውስጥ አለ። ጥላ። ከርቲዝ ጥላ ይወዳል። በሮቢን ሁድ መጨረሻ ሁለቱ ባለ ሰይፎች እየተዋጉ ከምስሉ ይወጣሉ። ሰዎቹን አናይም። አንድ ግዙፍ ዓምድ ላይ ጥላቸው ብቻ ሲዋጋ ነው የምናየው። በካዛብላንካም ሪክ ከካዝና ገንዘብ ሲያወጣ ፖሊስ አዛዡ ውጭ ቆሞ ያወራል። ሪክን የምናየው ግድግዳው ላይ ባረፈው ጥላው ነው። ስክሪፕቱ የሌላ፣ ተዋናዩ የሌላ፣ ገንዘቡ የሌላ ነው። ጥላው የከርቲዝ ነው።

ካዛብላንካ የተቀረጸው በ1942፣ ከሜይ 25 እስከ ኦገስት 3 ነው። ያን ጊዜ ማንም ታላቅ ፊልም እየሠራሁ ነው ብሎ አላሰበም። ከዓመቱ ሥራዎች አንዱ ነበር። ስክሪፕቱ አላለቀም፤ ገጾቹ ቀረጻው መሃል ይደርሳሉ። ዋናዋ ተዋናይት ኢንግሪድ በርግማን ከሁለቱ ወንዶች መጨረሻ ላይ ከማን ጋር እንደምትሄድ አታውቅም ነበር። ማንን ነው የምወደው ብላ ስትጠይቅ መሃል ላይ ሁኚ አሏት። ፊቷ ላይ ያለው ያ መወዛወዝ እውነተኛ ነው። ዱሊ ዊልሰን የፒያኖ ተጫዋቹን ሳምን ነው የሚሠራው። እሱ ግን ከበሮ መቺ ነበር፤ ፒያኖ አይችልም። ከካሜራው ውጭ ሌላ ሰው ይጫወታል፤ ዊልሰን የዚያን ሰው እጅ እያየ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ጭጋጉ ውስጥ የቆመው አውሮፕላን የካርቶን ነው። ትልቅ እንዲመስል አጠገቡ መካኒክ ሆነው የቆሙት ቁመታቸው በጣም አጭር የሆነ ሰዎች ናቸው።

አንዷን ትዕይንት ግን ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜ፣ እንደ ሰርግ ፉቴጅ፣ ፍሬም በፍሬም አይቻታለሁ። ካፌው ውስጥ የጀርመን መኮንኖች ፒያኖውን ከበው የራሳቸውን መዝሙር እየዘፈኑ ነው። ቪክቶር ላዝሎ የሚባለው የነፃነት ታጋይ ይሰማቸዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ባንዱ ይሄድና የፈረንሳይን መዝሙር ተጫወቱ ይላቸዋል። ሙዚቀኞቹ አይጀምሩም። ወደ ሪክ ነው የሚያዩት። ሪክ ራሱን ነቀነቀ። በጣም ትንሽ ነው። ጥቅሻ ታክላለች ብል ይቀለኛል። መዝሙሩ ይነሳል። ጀርመኖቹ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይሸነፋሉ፤ ይቀመጣሉ።

ከዚያ ከርቲዝ ፊት ላይ ይሄዳል። ኢቮን የምትባል ወጣት ሴት አለች። ቀደም ብላ ከጀርመን ወታደር ጋር ተያይዛ ነው የገባችው፤ ሰው ሁሉ ታዝቧታል። አሁን ትዘምራለች። ጉንጮቿ በእንባ ርሰዋል። ምስሉ እሷ ላይ ሲቆይ ቁጠሩ። አንድ ኤዲተር "ይበቃል" ከሚለው ትንሽ ያልፋል። እዚያ ላይ ነው የሚያስለቅሰው።

እሷ ማድሌን ለቦ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ጀርመኖች ፓሪስ ሊገቡ ሲሉ ከባሏ ጋር አምልጣ የወጣች ፈረንሳዊት ነበረች። ባሏ ማርሴል ዳሊዮ አይሁዳዊ ነው። ናዚዎች "የአይሁድ መልክ ይህን ይመስላል" ብለው ፎቶውን ፖስተር ላይ ለጥፈውት ነበር። ፓሪስ የታወቀ ተዋናይ የነበረው ሰው በዚህ ፊልም ውስጥ የቁማር ጠረጴዛ ላይ የቆመው ሠራተኛ ነው። ናዚውን መኮንን የሚጫወተው ኮንራድ ቫይት ራሱ ጀርመናዊ ነው። ሚስቱ አይሁዳዊት ስለነበረች በ1933 ከአገሩ ወጥቷል። ስማቸው ከተጻፈው ተዋንያን መካከል አሜሪካ የተወለዱት 3 ብቻ ናቸው። ሌላው ከየአገሩ የመጣ ነው። ከኋላ የሚዘምሩት አጃቢዎችም ብዙዎቹ የእውነት ስደተኞች ነበሩ። ያ እንባ በዳይሬክተር ትዕዛዝ የመጣ አይደለም።

ከካሜራው ጀርባ የቆመውም ከእነሱ አንዱ ነው። ከርቲዝ እናቱን አሜሪካ ማስመጣት ችሎ ነበር። እህቱና ቤተሰቧ ግን እዚያው ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦሽዊትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ተወሰዱ። የእህቱ ባል አልተመለሰም። ከርቲዝ ስለዚህ በአደባባይ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ኢቮን ላይ ለምን ያን ያህል እንደቆየ ሲጠይቁኝ ግን እኔ ይህ ነው የሚታየኝ።

(አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የሙያዬ ነገር ስለሆነ ነው። በ1952 ፊልሙ ምዕራብ ጀርመን ሲታይ 25 ደቂቃ ያህል ተቆርጦ ነበር። ናዚው መኮንን ጭራሽ የለም። ላዝሎም ታጋይ መሆኑ ቀርቶ የኖርዌይ ሳይንቲስት ተደረገ። መቀስ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።)

ደጉን ብቻ ጽፌ ማለፍ አልችልም። ከርቲዝ ቀረጻ ላይ ክፉ ነበር። ምሳ አይበላም፤ የሚበሉትንም ይንቃል። ተዋናይት ቤቲ ዴቪስና ኤሮል ፍሊን አይወዱትም ነበር። በ1928 የኖኅን መርከብ ፊልም ሲሠራ የጥፋት ውኃውን ትዕይንት በእውነተኛ ውኃ አደረገው። በብዙ ሺህ ሊትር የሚቆጠር ውኃ ሕዝብ ላይ ሊለቀቅ ሲል ካሜራማኑ ሃል ሞር ሰዎቹ ይጎዳሉ ብሎ ተቃወመ። አልሰሙትም። ትቶ ሄደ። ሰዎች ተጎዱ። በ1936ቱ የፈረሰኛ ፊልምም ፈረሶቹን ለመጣል እግራቸው ላይ ሽቦ ይታሰር ነበር። ብዙ ፈረስ አለቀ። የግልቢያውን ትዕይንት በቀጥታ የመራው ሌላ ሰው ቢሆንም ፊልሙ የከርቲዝ ነው። ፍሊን በዚህ ክፉኛ ተቆጥቷል፤ እውነቱን ነው። ያንን ትዕይንት ሳይ ዓይኔን እመልሳለሁ። ሙያውን የማከብርለት ሰው ነው፤ ይህን ግን አላከብርለትም። ሥራ ይድረስ ተብሎ ነፍስ አይጠፋም።

በ1944 ካዛብላንካ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር አመጣለት። መድረክ ላይ ወጥቶ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ስንት ጊዜ ንግግር አዘጋጅቼ ሳላሸንፍ ቀረሁ፤ አሁን አሸነፍኩ፤ ንግግር የለኝም አለ። ሰው ሳቀ።

ከ50ዎቹ ጀምሮ ግን የፊልም ሐያሲዎች ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። ፊልም እንደ መጽሐፍ ደራሲ አለው፤ ደራሲው ዳይሬክተሩ ነው አሉ። እውነተኛ ዳይሬክተር በሁሉም ሥራው ውስጥ አንድ ዓይነት ሐሳብ ሊኖረው ይገባል። በዚህ ሚዛን ከርቲዝ ቀለለ። አሜሪካዊው ሐያሲ አንድሩ ሳሪስ በ1968 ዳይሬክተሮችን በደረጃ ሲከፋፍል ከርቲዝን ከታላላቆቹ ጋር አላስቀመጠውም። ካዛብላንካንም የመልካም አጋጣሚ ውጤት ነው አለ።

እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። እድል አንድ ጊዜ ይመጣል። በዚያው በ1942 የወጣውን የካግኒን ሙዚቃዊ ፊልም ማን ሠራው? ሮቢን ሁድን፣ ሚልድረድ ፒርስን፣ ሁሉንም ማን ሠራው? አጋጣሚ ነው የሚባለው ነገር የሚደርሰው ከአንድ መቶ ሠላሳ፣ አርባ ፊልም በኋላ እጁ ለተዘጋጀ ሰው ነው። ኢቮን ስታለቅስ ካሜራው የት መቆም እንዳለበት በዚያች ደቂቃ አስቦ አይደለም ያወቀው። ከቡዳፔስት ጀምሮ 30 ዓመት ሲያውቀው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስቱዲዮዎቹ የሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ የሚያስገድድ ውሳኔ ሰጠ። ቴሌቪዥንም መጣ። ፋብሪካው ተሰነጠቀ። ከርቲዝ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የሠራበትን ዋርነርን በ50ዎቹ መጀመሪያ ለቀቀ። በ1954 ለፓራማውንት የሠራው የገና ፊልም የዓመቱ ትልቁ ገቢ አስገቢ ሆነ። በ1958 ኤልቪስ ፕሪስሊን ዳይሬክት አደረገ። ኤልቪስ ወታደር ሊገባ ሲል ለዚህ ፊልም ተብሎ 60 ቀን ተራዘመለት። የመጨረሻው ሥራው የ1961 ካውቦይ ፊልም ነው። ታሞ ነበር። በማይችልባቸው ቀናት የፊልሙ ዋና ተዋናይ ጆን ዌይን ተክቶት ሠራ። በ1962 በካንሰር ሞተ፤ 75 ዓመቱ ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ ሰርግ መጣልኝ። ልዩ ነገር አልነበረውም። ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ሊስሙ ገቡ። የሙሽራዋ አባት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ካሜራማኑ ከሙሽሮቹ ጋር እየዞረ ሳለ አጠገባቸው ያለ ሌላ ወንበር ለአንድ አፍታ ምስሉ ውስጥ ገባ። ሰው አልተቀመጠበትም። የታጠፈ ነጠላ ብቻ አለበት። ካሜራማኑ አላስተዋለም፤ አለፈው። እኔም መጀመሪያ አልፌው ነበር። ሲመሽ ተመለስኩና አየሁት። የሙሽራዋ እናት ምስል ሌላ ቦታ ፈለግሁ። በአራት ሃርድ ዲስክ ውስጥ የለችም።

ያችን አፍታ አወጣኋት። ትንሽ አዘገየኋት። አባትየው ሙሽራዋን ከመረቁ በኋላ፣ እልልታው ከመጀመሩ በፊት አስገባኋት። ድምፁን ሁሉ ቀነስኩ።

የመጀመሪያውን ኮፒ ከላክሁ በኋላ ሙሽራዋ ደወለች። ብዙ ሰው ሲደውል የሚጠይቀው ጭፈራው ረዝሞ እንዲገባ ነው። እሷ ስለ ጭፈራው አላነሳችም።

"ወንድሜ፣ ያቺ ወንበር ያለችበት..." አለችኝ።

"አዎ፣ ላውጣው?"

"አይ፣ አታውጣው። ትንሽ ብታስረዝመው ብዬ ነው።"

ሁለት ሰከንድ ጨመርኩላት።